ግልጽ ደብዳቤ፦ ኢምፕላንት የሚተከልለት ታካሚ ሁሉ ካርድ ይሰጠው

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፤

በጎጃም ከተሞች በጥርስ ሕክምና የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በክልሉ የጥርስ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ መንጋጋ ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) የሚተክል ማንኛውም ተቋም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ምን እንደተከለ የሚገልጽ ካርድ ለታካሚው እንዲሰጥ ይገደድ።

ብዙ ሰው ኢምፕላንትን አንድ ወጥ ጥርስ አድርጎ ያስበዋል። ሦስት ክፍል አለው፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር የታይታኒየም ብሎን፣ ከድድ በላይ ብቅ የሚል ማያያዣ፣ በላዩ የሚያርፍ ክራውን፣ ማለትም የጥርስ ቅርጽ ያለው ሽፋን። ማያያዣውን ከተቀበረው ክፍል ጋር የምታስረው ሌላ ደቃቅ ብሎን ናት፤ ከጊዜ በኋላ የምትላላውም እሷ ናት። ሞጣ ወይም ቡሬ የሚኖር ታካሚ ጥርሱ ሲነቃነቅበት ወደ ቅርቡ ክሊኒክ ይሄዳል። የተቀበረው ክፍል ራሱ ከተነቃነቀ ተከላው ከሽፏል፤ መውጣት አለበት። የላላችው ደቃቋ ብሎን ብቻ ከሆነች ግን በትክክለኛው መፍቻ መልሶ ማጥበቅ አጭር ሥራ ነው። ችግሩ የመፍቻው ጫፍ እንደየአምራቹ መለያየቱ ነው፤ አንዱ ባለ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ባለ ስድስት፣ አንዱ ባለ ኮከብ። ያልገጠመ መፍቻ በግድ ሲዞር የብሎኗን ራስ ይልጠዋል። እንደላላች ከተተወች ደግሞ ማኘክ ሲደጋገምባት ትሰበራለች። ስባሪዋ አልወጣ ካለ አጥንት አጥብቆ የያዘው ደህና ኢምፕላንት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ራጅ ቅርጹን ያሳያል እንጂ የአምራቹን ስም አይነግረንም።

ካርዱ የአምራቹንና የሞዴሉን ስም፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን በሚሊሜትር፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተተከለበትን ቦታና ቀን፣ ክራውኑ በሲሚንቶ የተጣበቀ ወይስ በብሎን የታሰረ መሆኑን ይያዝ። ብሎኗ የምትጠብቅበት ልክም ይጻፍበት፤ እንደ አምራቹ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይደርሳል፣ በግምት የሚሠራ አይደለም። ወጪው ኢምንት ነው። ደህና አምራቾች በየማሸጊያው ተላጦ የሚለጠፍ መለያ ይልካሉ፤ አንዱ ማኅደሩ ላይ፣ አንዱ ካርዱ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል። መለያ የሌለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሰው አፍ ውስጥ መግባት የለበትም።

የካርዱ ጀርባ ከተከላው በፊት ለታካሚው ምን ምን አማራጭ እንደተነገረው ይመዝግብ። በሬ ሸጦ ለሚታከም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥርስ ሲጎድል ግራና ቀኙ ጤነኛ ከሆነ ብሪጅ (በግራና ቀኝ ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ጥርስ) ማለት ሁለት ደህና ጥርሶችን መሞረድ ነው፤ እዚህ ላይ ኢምፕላንት ይሻላል። ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ ተበልተው ክራውን የሚፈልጉ ከሆኑ ግን ብሪጁ ያዋጣል። የታች ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ላለቀ አረጋውያን ተነቃዩ ጥርስ ብቻውን ይንሸራተትባቸዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ለእነዚህ ሰዎች በሁለት ኢምፕላንት ላይ የሚያርፍ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን መክረዋል። አሥር ኢምፕላንት አያስፈልጋቸውም። ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆኑት ቀጫጭን ኢምፕላንቶች ለጠባብ አጥንት ይረዳሉ፣ ጫና ላይ ግን ቶሎ ይሰበራሉ። ጉንጭ አጥንት ላይ የሚታሰሩት ረጃጅሞቹ የከተማ ክሊኒክ ሥራ አይደሉም።

ከተከላው በፊት አጥንቱ መለካትም አለበት። መላውን መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ የአጥንቱን ከፍታ እንጂ ስፋቱን አያሳይም። በታችኛው መንጋጋ ከነርቩ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ካልተራቀ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ የመንጋጋ ሲቲ ስካን በሪፈራል ሆስፒታሎቻችን ቢኖር ምኞታችን ነው። አጥንቱ ሲቦረቦርም በቀዝቃዛ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) መታጠብ አለበት፤ አጥንት ለአንድ ደቂቃ 47 ዲግሪ ከደረሰ ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ኢምፕላንቱን አይዝም።

ለጥር ሠርግ ይድረስልኝ የሚል ታካሚ ብዙ ነው። አጥንቱ ኢምፕላንቱን አጥብቆ እስኪይዝ ታች መንጋጋ በተለምዶ 3 ወር፣ ላይኛው እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ ቀኑ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ማንም አያስቸኩለውም። ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ አጥብቆ የሚያጨስ፣ መንጋጋው እድገቱን ያልጨረሰ ወጣት ይቆይ። የወይራ መፋቂያ የጥርሱን ፊት ያጸዳል፤ በኢምፕላንቱ ዙሪያ ድዱ ሥር ለሚከማቸው ቆሻሻ ግን የጥርስ ክርና ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ታካሚ ድዱ መድማት ሲጀምር እንኳ አይመጣም፤ ሲመጣ አጥንቱ ወርዷል።

ካርዱ የክሊኒኮች ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ ከሚታዩት መስፈርቶች አንዱ እንዲሆን፣ ተቆጣጣሪዎችም ማኅደር ሲያዩ መለያው መለጠፉን እንዲያጣሩ እንጠይቃለን። የአንድ ገጽ ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከአክብሮት ጋር
በጎጃም የምንሠራ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች