ቲሸርቱ ይቅርና ማመልከቻው ይጻፍ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ለእማዬ እና ለወንድሜ ለማሙሽ፤

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽን ቅባት ለጎረቤት እንዳታከፋፍዪው፣ ላንቺ ነው የገዛሁት። ማሙሽ ይህን ሲያነብልሽ እየዘለለ እንዳያነብ ተቆጣጠሪው። አብዛኛው የተጻፈው ለሱ ነው፤ ግን አንቺም ስሚው፣ ያንቺም ጉዳይ አለበት።

ማሙሽ፣ በቴሌግራም የላክኸውን የሰማሁት የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ነው። የምጦራቸው አሮጊቶች ተኝተው ስለነበር ደጋግሜ ሰማሁት። ጅማ፣ በሰፈራችን ፕሮጀክት፣ ማለትም ከውጭ አገር ስፖንሰር በሚልከው ገንዘብ ያደጉት ልጆች ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው አልከኝ። የድሃ ልጆች ድምፅ እንሆናለን ብለዋል። ደስ ይላል። ከኔ የፈለጉት የቲሸርትና የባነር ገንዘብ ነው። አንተን ደግሞ ጸሐፊ ሁንልን ሲሉህ "እኔ መች ተመዝግቤ አውቃለሁ፣ ምን አገባኝ?" ብለህ መለስክላቸው። ይቺ መልስህ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። በድምፅ ልመልስልህ አስቤ ነበር። ግን ነገር ሲበዛብኝ መጻፍ ይቀለኛል።

መጻፍ ያስለመደኝም ያው ፕሮጀክቱ ነው። ለስፖንሰር ደብዳቤ የምንጽፍበትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ በአጥር ቀዳዳ ታየን ነበር። መምህሩ "ውድ ስፖንሰሬ፣ እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ" ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እኛ እንገለብጣለን። ከታች ሥዕል እንስላለን። እኔ ሁልጊዜ ላም ነበር የምስለው። ላም ኖሮን አያውቅም። ስፖንሰሬ የነበረችው ሴትዮ ስለ ላማችን ጤንነት መጠየቅ ስትጀምር ነው እማዬ ሥዕሉን የከለከለችኝ። ፎቶ የምንነሳ ቀን ደግሞ የሐጂን ልጅ ጫማ ተውሼ እሄድ ነበር። ለእግሬ ይሰፋኝ ስለነበር ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ።

ለሴትዮዋ ያልጻፍኩት ብዙ ነው። ፕሮጀክት ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ነበር የሚወስደው። እኔ ተመዘገብኩ፣ አንተ ቀረህ። የሰጡኝን ሳሙና ቤተሰቡ በሙሉ ይታጠብበታል። ደብተሬ ከመሃሉ ተገንጥሎ ላንተ ይሰፋል። ቡና ሲደርስ አንተ ከእማዬ ጋር ወደ አጋሮ በኩል ለለቀማ ትሄዳለህ፤ እኔ ከቀረሁ ፕሮጀክቱ ስለሚጠይቅ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ኅዳር ላይ ስትመለስ ጓደኞችህ ሁለት ምዕራፍ ጨርሰው ይጠብቁሃል። ለማኅበሩ የምታስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነሱ የሚያውቁት ውስጡን ነው። አንተ ከአጥሩ ውጭ የቀረውን ታውቃለህ፤ ውጭ የቀረው ደግሞ ይበዛል።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ልጆችን በስፖንሰር ስለማሳደግ ሥራ ጥቂት አንብቤአለሁ። በዚህ ሥራ ትልቅ ስም ያለው የኮምፓሽን ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚሁ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው። ድርጅቱን የጀመረው ኤቨረት ስዋንሰን የሚባል አሜሪካዊ ወንጌላዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ኮሪያ ሄዶ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን አይቶ። የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት መሆኑ ነው። የኛም ወታደሮች እዚያው ለኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። (ይህን ለእማዬ ድገምላት፤ እኛም የሰው ልጅ ያሳደግንበት ዘመን አለ።) ኮምፓሽን ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ የሚሠራውም በየአካባቢው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ነው።

"ፕሮጀክት ዕድል ነው እንጂ ለውጥ አያመጣም" ትል የለ? ብሩስ ዋይዲክ የሚባል የኢኮኖሚክስ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትሟል። በስድስት አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አይተዋል። እኛ የለንበትም፤ ከአካባቢያችን አገሮች ግን ኬንያና ኡጋንዳ አሉበት። በኮምፓሽን ያደጉት በትምህርት ቤት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተጨማሪ ቆይተዋል። አድገው ደመወዝ ያለው ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም የተሻለ ነው። ስለዚህ ለውጥ አለ፤ እኔና አንተን ጎን ለጎን አቁሞ ማየትም ይበቃል። ንዴትህ ይገባኛል። ግን የተናደድከው የተመዘገበው ልጅ ስለጠቀመው ነው ወይስ ያልተመዘገበው ስለቀረበት? ማኅበሩ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሕንድ ውስጥ መንግሥት ከውጭ ገንዘብ እንዳይገባለት ስለከለከለው ኮምፓሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራውን ዘግቶ ወጣ። ከ140,000 በላይ ልጆች ነበሩት። ድርጅት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስፖንሰርም ይታመማል፣ ይሞታል፣ ሥራ ያጣል። ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱና ዕድሩ ግን እዚያው ናቸው። ድምፅ እንሁን ካላችሁ ድምፁ ወደነሱ ይሂድ። ወደ ኮሎራዶ የሚጮህ ሞልቷል።

ፕሮጀክት ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ለድሀ አደጉ ፍረዱለት፣ ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ የሚለውን የኢሳይያስ ቃል በቃላችን እንወጣና ብስኩት እንቀበል ነበር። መሟገቱን ግን ማንም አላስጀመረንም። በሠራተኞቹ አልፈርድም። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ልጁን ማብላት፣ ማስተማር፣ ማሳከም ይቻላል። ይህ የልጁ መብት ነው ብሎ መከራከር ግን ለሌላ የተተወ ነበር። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተቀየረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ከጻፈ ስንት ዘመኑ! አሁን ጠያቂ ነው የጠፋው። ጅማ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ምዝገባው በክልሉ በኩል ስለሆነ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት የለባችሁም።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? እዚህ ላይ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ግን ልናገር።

አንደኛ፣ እዚያው ጅማ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ የሚያድሩትን ሊስትሮዎች አስብ። ብዙዎቹ ከዳውሮ የመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው ዳውሮ፣ እነሱ ጅማ። የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች የተመዘገቡት 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ፓስፖርት ላወጣ ስል እማዬ ለዚያች ወረቀት ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠናች አልረሳውም። "ማኅተም የያዘው ሰው የለም፣ ነገ ነይ።" እናት ያለው ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ እናቱ ዳውሮ ያለችው ሊስትሮ ምን ሊሆን ነው? ያቺ ወረቀት ትጠየቅለት።

ሁለተኛ፣ የቤት ሠራተኞች። በየቤቱ ያሉትን ትንንሽ ልጆች ማለቴ ነው፤ አንዳንዶቹ የሚያጥቡት ጀበና የራሳቸውን ክንድ ያህላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል። ሰው ቤት የምትሠራዋ ግን ከዚያ አዋጅ ውጭ ናት። ስለዚህ ክስ መመሥረቱ አያዋጣችሁም፤ ጠላት ነው የምታፈሩት። ከአሠሪዎቿ ጋር ተነጋግራችሁ የማታ ትምህርት እንድትገባ ማድረግ ግን ይቻላል። ከአሠሪዎቹ መካከል የማኅበሩ አባላትም እንደሚገኙ አትርሳ። መጀመሪያ እነሱ ቤት ያለችው ትመዝገብ። እዚህ ላይ ስብሰባው ጸጥ ቢል ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍረው።

ሦስተኛው ያንተው ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ለቡና ለቀማ ሄዶ የቀረ ልጅ ስሙ እንዳይሰረዝ፣ ሲመለስ ማካካሻ እንዲሰጠው ይጠየቅ። ቡና ጅማ ውስጥ ድንገተኛ አይደለም፤ በየዓመቱ ይደርሳል። ትምህርት ቤቶቻችን ግን በየዓመቱ ይገረማሉ።

እነዚህ ሁሉ በማመልከቻ የሚጠየቁ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጠህ ቀኑን ሙሉ ለሰው ማመልከቻ የምትጽፈው ማን ሆነህ ነው? ከፕሮጀክቱ ተመራቂዎች ውስጥ ሐኪም አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ። የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ቢሮ እንደሚታይ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ የሚያውቅ ግን አንተ ነህ። ደግሞ በኦሮምኛ ነው የሚጻፈው፤ የኔ ኦሮምኛ እንደሆነ ገበያ ላይ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። ያንተ ግን ማኅተም ያስመታል።

ስለ ስብሰባው ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛ፣ ምስክርነት ብቻ እንዳይሆን። የተሳካለት ሁሉ ማይክ ይዞ "እኔ ያኔ ጫማ አልነበረኝም" ካለ መሸ ማለት ነው። መሃል ላይ ያቋረጡትስ? ቤይሩትና ጅዳ የገቡት ሴቶች ልጆችስ? እነሱም በዚያው ፕሮጀክት ያደጉ ናቸው። ደውሉላቸው፤ ምን ቢኖር ኖሮ አትሄዱም ነበር ብላችሁ ጠይቁ። እኔንም ጠይቁኝ፤ አሜሪካ ስለሆነ ስደት አይደለም የሚል ካለ አንድ ሌሊት ፈረቃዬን ይሸፍንልኝ።

ሁለተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውጡ። ጅማ እኮ ነው። ፕሮጀክቱም ቢሆን የሐጂን የልጅ ልጅ መዝግቦ አሳድጓል፣ እሱም ተመራቂ ነው። ጠሩት? ካልጠሩት ይጠሩት። ሐጂ በሰፈሩ ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው ከኛ ፓስተር አያንስም። ዕድሩም አለ። ለለቅሶ ጥሩምባ ነፍቶ ሰፈሩን የሚሰበስብ ዕድር፣ ስለ ሕያዋን ልጆች አንድ እሑድ አጀንዳ ቢይዝ ምን ይለዋል? ዳኛው እንቢ ካሉ እማዬን ላኳት። እማዬ፣ እየሰማሽ ነው? መጋዘን ቡና ስትለቅሚ የከረምሽው አንቺ ነሽ፤ ስለ ድሃ ልጅ የሚያውቅ ካለ አንቺ ታውቂያለሽ። የተማሩት ሲናገሩ ጥግ ይዘሽ እንዳትቀመጪ።

አዎ፣ ደግሞ ልጆቹን ፎቶ አታንሱ። ሊስትሮውን አቅፎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። እኔ በተውሶ ጫማ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም የማላውቃት ሴትዮ ቤት አለ። ሴትዮዋ ደግ ነበረች፣ እግዚአብሔር ይባርካት። ግን እነዚህ ልጆች ነገ ሰው ይሆናሉ፤ ያንን ፎቶ ማየት አይፈልጉ ይሆናል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለቲሸርት አልልክም። ባነር ላይም "ድር ቢያብር" ብላችሁ ለመጻፍ እንደተዘጋጃችሁ ሳላይ አውቃለሁ። ለወረቀት፣ ለኮፒ፣ ለባጃጅ እና ለልደት ወረቀት ሊስትሮዎቹን ይዞ ዳውሮ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ትራንስፖርት የሚሆን ልኬአለሁ፤ በእማዬ ስም ነው። የሚያዘውም እሷ ናት። ደረሰኝ ይያዝ። ቅር የሚለው ካለ እህትህ ቆንቋና ናት በል፣ እኔ አልከፋም።

ኮፒውን ከራስህ ሱቅ አታድርገው፣ ወይም በነፃ አድርገው። ወሬ እንዳይመጣብህ።

እስከዚያው አንድ ነገር ጻፍልኝ። ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጋር ተገናኝተህ ዘንድሮ በጥቅምትና በኅዳር ስንት ልጅ እንደቀረ፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተመለሰ ጠይቀው። ያለ ቁጥር ማመልከቻ ይዞ የሚሄድ ሰው በር ላይ እንደሚመለስ አንተው ነህ የነገርከኝ። መልሱ ከመጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባችሁ ላይ በስልክ እገባለሁ። እናንተ ዘንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ይሁን፤ እኔ ከሥራ ወጥቼ ቤት የምገባበት ነው።

ሐጂን፣ እትዬን፣ የመጋዘኑን ሴቶች ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

እህትህና ልጅሽ