አባዬ፣ የምርጫውን ነገር ጠይቀኸኝ ነበር

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ይህን በቴሌግራም የላክሁት ለጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ኔት ሲመጣለት አውርዶ ያነብልሃል። አንተ ልጅ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ። ሰፈር ውስጥም እንዳታወራ፣ አውቅሃለሁ።

መጀመሪያ ዓይንህ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል ካለህ ቆየ። እዚያው ጎንደር ይሠራልኛል ትላለህ፣ እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ማን ያስታምምሃል? ጠብታውን በየሰዓቱ ማን ያደርግልሃል? በመኪና ና አልልህም፣ የመንገዱን ነገር ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከአዘዞ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ብትሆን ነው። ይህን ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፣ ሒሳብ ላይ እንደ አንተ ናት፣ አማርኛ ላይ እንደ እኔ ናት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲናገር ያፏጫል። ሰሞኑን ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎለት ነው የሚተኛው። ጠዋት ለማንሳት መከራ ነው እንጂ እሱ ደስ ብሎታል።

ባለፈው በስልክ «ማንን ልትመርጪ ነው?» ስትለኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳይቆረጥም ዝም ብዬ ነበር። አሁን ልመልስልህ።

የማምንበትን ታውቃለህ። ከብሔር ዜግነትን ከሚያስቀድሙት ወገን ነኝ፣ ይህንን ደግሞ ያወረስከኝ አንተ ነህ። ችግሩ፣ በእኛ ወረዳ የእኔ ሐሳብ አለኝ የሚለው ፓርቲ ያቀረበው ሰው ነው። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበር። ሒሳብ አስረክብ ሲባል ዛሬ ነገ እያለ ቆየና በመጨረሻ ግማሹ ገጽ የተገነጠለ፣ ቡና የፈሰሰበት ደብተር ይዞ መጣ። ቀሪውን ገጽ ልጆች ቀደዱት አለ። ልጆቹ ደግሞ አሜሪካ ናቸው! ይህ ሰው ነው እንግዲህ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ተጠያቂነት የሚነግረኝ።

በሌላ በኩል የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት በግል ልትወዳደር ነው። ስኳር የያዘው፣ ግፊት ያለበት ሁሉ ዱቤ የሚወስድባት ሴት ናት። ስለ ብሔር ምን እንደምታስብ አላውቅም፣ ጠይቄያት «እሱን ኋላ እንደርስበታለን» ብላኛለች፣ መልሱ ብዙም አልጣመኝም። ቢሆንም የድጋፍ ፊርማ ስትሰበስብ ፈረምኩላት።

አሁን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። «ሰው ትመርጫለሽ፣ ፓርቲ ይገዛሻል።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግሁት። ልክ አይደለህም አልልህም። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 56 ላይ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል ነው የሚለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የምመርጠው እኔ አይደለሁም፣ ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ለደግ ሰው የሰጠሁት ድምፅ ለማልወደው ፓርቲ ወንበር ሊሆን ይችላል። የግል ዕጩ ከሆነች ደግሞ ብቻዋን ገብታ ምን ታመጣለች? ይገባኛል። ግን ያው ሕገ መንግሥት፣ እዚያው ጥቂት ከፍ ብለህ አንቀጽ 54ን ብታይ፣ ተመራጩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል የለበትም። ወረቀት ነው ትል ይሆናል፣ 56ም ግን ወረቀት ነው።

ደግሞ አንድ ሰው ምን ያደርጋል ስትል ትንሽ ያስቀኛል። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፣ ግርማ ሰይፉ። እሱ በሬዲዮ ሲናገር «ዝም በሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ!» የሚለው ማን ነበር? እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች «አንድ ሰው ምን ያደርጋል» ብላ ስታሾፍብህ አልነበር? ፕሬዚዳንት የነበሩት ነጋሶ ጊዳዳስ ከቤተ መንግሥት ወጥተው በ97 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ሲያሸንፉ «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አላልክም?

የፓርቲ ነገር ደግሞ የት ይያዛል አባዬ? ሁለት ጣታችንን ቀስረን የመረጥነው ቅንጅት የት ገባ? ፓርቲው ምክር ቤት አንገባም ሲል ከተመራጮቹ ስንቱ ገባ፣ መሪዎቹ ደግሞ ጥቅምት 98 ታሠሩ፣ ኋላም እርስ በርሳቸው ተበላሉ፣ ስሙ እንኳ ሲያጣላ ነበር። ያኔ የቅንጅት የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ በ2014 በብልጽግና መንግሥት ሚኒስትር ሆኑ። ለመውቀስ አይደለም፣ ሰዉ መንገዱን ይመርጣል። የምለው፣ የቆምክለት ምልክት ከሥርህ ሲሄድ አንተ ብቻህን እንደቆምክ መቅረትህን ነው።

አውቃለሁ፣ የአንተ ነገር ከ97 አልጀመረም። በደርግ፣ በመላኩ ተፈራ ጊዜ ጎንደር የሆነውን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ፣ አያቴ እስክትሞት ለምን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች፣ አውቃለሁ። ኢሕአፓን ትተው ኢሕዴን የሆኑትን ለምን ከዳተኛ እንደምትላቸው ይገባኛል። ኢሕዴን ብአዴን ሆነ፣ ብአዴን አዴፓ ሆነ፣ አዴፓ ብልጽግና ውስጥ ገባ፣ አንተ ግን ዛሬም ዓይንህ የሚያየው 1973ን ነው። ግን ጋሼ፣ የእማዬ ወንድም፣ ያኔ ልጅ ነበር። በረሃ አልወረደ፣ ማንንም አልከዳ። ሰፈሩ ውስጥ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት አስተማሪ ነበር። ከቤታችን ኋላ ያለው ቦኖ እንዲተከል ደጅ የጠናው እሱ ነው፣ እኛ ጀሪካን ተሸክመን ትምህርት ቤት ማርፈድ ያቆምነው በእሱ ነው። (የጎንደር ውሃ እንደሆነ ያው ነው፣ የአንገረብ ግድብ አልበቃ ብሎ የመገጭን ስንጠብቅ ሸበትን።) በ97 ለክልል ምክር ቤት በንብ፣ በኢሕአዴግ ምልክት፣ ሲወዳደር እኔም አልመረጥኩትም። ሁለት ጣት ነበርኩ። በዚህ አልወቅስህም፣ አለመምረጥ መብትህ ነው።

የምወቅስህ በሠርጌ ነው።

ይህን ጽፌልህም ነግሬህም አላውቅም። ጥር 98፣ ዳሱ ተጥሎ ጋሼ ሙክት ላከ። በሩ ላይ ታስሮ ነበር፣ ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ቡናማ ነገር ያለበት። አንተ ወጥተህ «ከንብ ጋር ማዕድ አልቀርብም» አልክና እስከ ገመዱ መለስከው። እኔ ፀጉሬን እየተሠራሁ በመስኮት አየሁህ። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች፣ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ጭስ ነው አለች። ወንድሟ በልጇ ሠርግ አልነበረም። በቀብሯ ዕለት ደግሞ በአንድ ድንኳን ውስጥ አንተ ወዲህ እሱ ወዲያ ተቀምጣችሁ ሰው ማንን ቀድሞ እንደሚያጽናና ግራ ገባው። አሸናፊው ማን ነበር አባዬ? የትኛው ፓርቲ መጥቶ ለቅሶ ደረሰህ?

ቆጣ አልኩ። ይቅር በለኝ። የምፈራው ነገር ስላለ ነው እንዲህ የምለው።

ትንሹ ሳሎን የሚተኛው ጋሼ የእሱ አልጋ ላይ ስለሆነ ነው። ኩላሊቱ ነው። ጎንደር ያዩት ሐኪሞች ወደዚህ ልከውት ነው የመጣው፣ አሁን ዲያሊሲስ ጀምሯል። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። ሲመለስ ደክሞት ግድግዳውን ይዞ ነው የሚገባው። ያንተን ዓይን በየቀኑ ይጠይቀኛል። ትናንት ደግሞ «አባትሽ ዘንድሮ ማንን ሊመርጥ ነው?» አለኝ። ሁለታችሁም አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፣ ለምን እርስ በርሳችሁ አትጠያየቁም አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ ያዘው።

ታረቅ አልልህም፣ ሽማግሌም አልልክብህም። ንብ ይሁን ሁለት ጣት፣ እሱን ተከራከሩበት፣ ከፈለጋችሁ እኔ ቡና አፍልቼ አያችኋለሁ። ዓይንህን እዚህ ትታከማለህ፣ አንድ ክፍል ነው የምትተኙት፣ ሌላ ቦታ የለኝም።

ቅዳሜ ማታ ስልክ ይደወልልሃል። ቁጥሩ የእኔ ነው፣ የሚያናግርህ ግን እሱ ነው። እንዳትዘጋበት። መድኃኒትህን ከነካርዱ ያዝ፣ መታወቂያህን እንዳትረሳ፣ በርበሬ ምናምን ብለህ ሻንጣ እንዳትሞላ። ትኬቱን ለማክሰኞ ልቁረጥልህ ወይስ ለሐሙስ? እሱን ብቻ ለልጁ ንገረውና ይጻፍልኝ።

ልጅህ