የምርምር ቁጥጥር ከሚኒስቴር ስም ጋር አይዙር

የተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን ሥራዬ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ባለፈው የዘጠኝ ወር ሪፖርታችን «የመሣሪያ ግዥ» በሚለው ረድፍ 100 በመቶ ብለን ሞላን። አልዋሸንም፤ መሣሪያው ተገዝቷል። የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት፣ የመጣበት ላስቲክ እንኳ ሳይገፈፍለት ጥግ ይዞ ቆሟል። የሚሠራበት ኬሚካል ግን እስካሁን አልገባም፤ በሌላ የበጀት መደብ ስለተያዘም በዚያ ረድፍ አይታይም።

ይህን ማንሳቴ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ፊት የሚቀርበው እንዲህ ያለ ሪፖርት በመሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ስለፈቀደለት ሥልጣን አላነሰውም። ችግሩ ቁጥጥሩ የሚኒስቴሮችን አደረጃጀት ተከትሎ መሄዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ከፍተኛ ትምህርት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። የግብርና ምርምር ከግብርና ሚኒስቴር ጋር፣ የቴክኖሎጂው ከኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ሲገመገም፣ የአገሪቱን ምርምር በአንድ ዓይን የሚያይ አይገኝም።

እንግሊዞችም በዚሁ ተሰናክለዋል። ምክር ቤታቸው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚቴውን እ.ኤ.አ. በ2007 ከመሥሪያ ቤቶች መልሶ መዋቀር ጋር አጥፎ በ2009 መልሶ አቋቋመው። ኮሚቴ ሪፖርት ሲያወጣ መንግሥት በ2 ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ልማድም አላቸው፤ ከእነሱ የምንዋሰው ካለ ይህን ብንዋስ ይሻላል።

ደግሞም ምርምር በዘጠኝ ወር አይደርስም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍ የአንዱን ዝርያ ንጣት ከሌላው ምርታማነት ጋር ለማዋሃድ ተዳቅሎ፣ እየተዘራና እየተመረጠ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው እስኪለቀቅ ዓመታት ፈጅቷል። በመሐል አፈጻጸሙን በመቶኛ ቢጠየቅ ምን ይባል ነበር?

ስለዚህ ቋሚ ኮሚቴዎቹ ለመስክ ምልከታ ሲወጡ ከአፈጻጸም ሠንጠረዡ አስቀድመው ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እለምናለሁ፦ በዚህ መሣሪያ ምን ተመረመረ? ውጤቱ ለማን ደረሰ? ካልተመረመረ ምን ጎደለ? መልሱም በጽሑፍ፣ ቀን ተቆርጦለት ይምጣ፤ ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ለእረፍት ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ