የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ዘንድሮ አንባቢ ብቻ አልነበርንም

የኛ ክበብ ዘገባ በዚህ መጽሔት ላይ ሁሌም የሚመጣው ከሚኒ ሚዲያና ከስፖርት ቀጥሎ ነው። ቅሬታ አይደለም። ዋንጫ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኮምፒውተር ላይ ያቀረቀረ ልጅ ግን ያን ያህል አያምርም። ዘንድሮ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲሰጡኝ አዘጋጆቹን ለምኛለሁ። ምክንያቱም "እነዚህ ልጆች ላይብረሪ ተሰብስበው የሚውሉት ምን ሊሠሩ ነው? ፌስቡክ ነው አይደል?" የሚለው ጥያቄ ከመምህራን ማረፊያ እስከ ወላጆች ስብሰባ ተከትሎኛል።

ፌስቡክ አይደለም። ልጆቹ የሚጽፉት አማርኛ ውክፔዲያ በሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ነው።

ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ማንም ይጽፋል፣ ማንም ያርማል፣ ማንም በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል። ዛሬ እንግሊዝኛው ወደ 7 ሚሊዮን ጽሑፍ ደርሷል። የኛው 15 ሺህ ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። የባዮሎጂ የቤት ሥራውን በአማርኛ ሊያነብ የገባ ልጅ ባዶ እጁን ይወጣል። መደርደሪያችን ላይ ያሉት አጋዥ መጻሕፍት ደግሞ ስንት እንደሆኑ የላይብረሪውን ሠራተኛ ጠይቋት፤ እኔ ባልናገር ይሻላል።

ክፍል ውስጥ የነበረውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መምህሩ ከስክሪኑ ያስተምራል፣ ልጁ ይሰማል። ያልገባውን ማንን ይጠይቅ? እኔ በዚህ ክበብ የፈለግሁት ተቃራኒውን ነው። ልጁ ራሱ ይጻፍ። ሲሳሳት ጓደኛው ያርመው። ያረመውም በተራው ይታረም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ፋይሉ ቢሮ አለ። የምዝገባው ቀን ግን ትንሽ አሳቀን። ልጆቹ ተሰልፈው አካውንት መክፈት ሲጀምሩ ስድስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ለካ ውክፔዲያ ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በቀን ከስድስት በላይ አካውንት አያስከፍትም፤ ተንኮለኛ ለመከላከል ነው። ተራ በተራ፣ በየቀኑ ስድስት ስድስት እያደረግን ጨረስን።

ጥቂቶቹ ደግሞ ሥራ የጀመሩት ከመማሪያ መጽሐፍ እንዳለ በመገልበጥ ነበር። በማግስቱ ተሰርዞ ጠበቃቸው። ኩርፊያው ለጉድ ነበር! ግን ስለ ፈቃድ ያስተማርኩትን ሁሉ ያ ቀን በለጠው። ውክፔዲያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ማንም እንዲያባዛው፣ እንዲያሻሽለው፣ አሳትሞ እንዲሸጠው እንኳ የተፈቀደ ነው። ግዴታው የጸሐፊውን ስም መጥቀስና ያሻሻሉትንም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ብቻ ነው። የሰው መጽሐፍ ገልብጠህ እንዲህ ብለህ ልታድለው አትችልም፤ ያንተ አይደለማ። በራስህ ቃል ትጽፋለህ፣ ከየት እንዳገኘኸው ታሳያለህ።

ከዓመቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የኅዳሩ ጉዞ ነው። ጉዞ ስል አውቶቡስ የተከራየን እንዳይመስላችሁ፤ በእግራችን ነው፣ እስከ ዓባይ ዳር። ርዕሱን ቀደም ብለን መርጠናል፦ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው የትል በሽታ ቢልሃርዚያና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ። ጣና አጠገብ ላደገ ልጅ ከዚህ የቀረበ ሳይንስ የት ይገኛል?

የሄድነው ለጽሑፉ የሚሆን ፎቶ ልናነሳ ነው። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ዳርቻው ላይ ተበትኗል። "ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው እንዳላይ" እያልኩ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ስጮህ ነበር። አንዱ፣ "ቲቸር፣ ካልጠጣነው ምን ያደርገናል?" አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለነገሩ ረቂቁ ላይ የጻፉትም ይህንኑ ነበር፦ "ቢልሃርዚያ የተበከለ ውኃ በመጠጣት ይተላለፋል።"

ልመልስለት አፌን ስከፍት አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀደመችኝ። ስሟን የማልጽፈው ራሷ "አይጻፍ" ስላለች ነው። ክበቡ ውስጥ ድምጿን የምሰማው ስም ሲጠራ "አቤት" ስትል ብቻ ነው። "በመጠጣት አይደለም። በቆዳ ነው የሚገባው። እኔን ይዞኝ ያውቃል፤ ልብስ ሳጥብ ነው የያዘኝ" አለች።

ሁላችንም ዝም አልን። እሷ ግን ቀጠለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤታቸው ይመጣሉ። ምልክት ያለበት ረጅም እንጨት አጠገብ ያቆሟታል። ቁመቷ ከደረሰበት መስመር ላይ አንብበው ኪኒን ቆጥረው ይሰጧታል። መራራ ነው፤ እፊታቸው እስክትውጥ አይለቋትም። "ግን ቲቸር፣ ኪኒን እንዴት በቁመት ይሰጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። ለዓመታት ይዛው የቆየችው ጥያቄ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ነገርኳት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው። ብዙ ልጅ በአንድ ቀን ሲታከምና ሚዛን ማዞር ሲያስቸግር ግን ቁመት ክብደትን ተክቶ ይሠራል።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣቷ ግዕዝ ኪቦርዱ ላይ እየተፈተነ፣ ዓረፍተ ነገሩን አረመችው። ትሉ ቀንድ አውጣው ውስጥ እንደሚራባ፣ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ እንደሚገባ፣ እንቁላሉም በሰገራ በኩል ተመልሶ ውኃ ውስጥ እንደሚደርስ ጻፈች። የገጹን የለውጥ ታሪክ ብትከፍቱ የስህተቱም የእርማቱም ቀንና ሰዓት አለ። እኔ ለብዙ ዓመት ሳስተምር ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ሲሠራ አላየሁም።

እንዶዱን ያገኘነው ስንመለስ፣ አንድ ግቢ አጥር ላይ ነው። የቤቱ እመቤት "ውሰዱ፣ ለዛሬ ልጅ ኦሞ ነው የሚሆነው ብዬ እኮ ነው" ብለው አንድ እፍኝ ሰጡን። ልጆቹ ፍሬውን ጨፍልቀው በሃይላንድ ሲንጡት አረፋው እስከ አፉ ሞላ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነስተው የዓመታት ምርምር ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እንዲህ ያለውን ታሪክ በአማርኛ እኛ ካልጻፍነው ማን እስኪጽፍልን ነው የምንጠብቀው?

ልጅቷ በዚያ አላቆመችም። የትሉን የሕይወት ዑደት በእርሳስና በማስመሪያ ሣለች፣ በስልክ አንስታ የውክፔዲያ ሥዕሎች የሚቀመጡበት ኮመንስ ላይ ጫነችው። ከሳምንታት በኋላ የማናውቀው ሰው ሥዕሉን ወስዶ በኮምፒውተር ጥርት አድርጎ ደግሞ ሠራው። "ሥዕሌን ወሰዱብኝ!" ብላ እንባ እየተናነቃት መጣች። አብረን ገጹን ከፈትነው። ከሥር፣ የመጀመሪያው ሥዕል ባለቤት ተብሎ የሷ መጠሪያ ተጽፏል። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ፍላሽ አውጥታ "ቲቸር፣ ገልብጥልኝ፣ ለእማዬ ላሳያት" አለችኝ።

ኢንተርኔት የሌላቸውን ተማሪዎችም አልረሳንም። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን እንዳለ አውርደን የላይብረሪው ኮምፒውተሮች ላይ ጭነናል፤ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። አማርኛው ፍላሽ ላይ ይበቃል። ፋይሉ የሚታደሰው በየጊዜው ስለሆነ ልጆቹ የጻፉት ወዲያው አይታይም፤ አዲሱ ሲወጣ እየቀየርን ነው። ፌት የሚባሉትን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎችም ጭነናል። የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ሽቦና ባትሪ ፍለጋ መዞር ቀርቶላቸዋል፤ እሳቸው ምስክሬ ናቸው።

ያልተሳካውም አለ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ሳምንታት ሥራው ቆሟል። የፊዚክስ ቡድኑ ከኤሌክትሪክ ዑደት አላለፈም። 12ኛ ክፍሎች ለፈተና ሲሄዱ የወባው ጽሑፍ መሀል ላይ ቀርቷል። መብራት እየሄደ ያልተቀመጠ ጽሑፍ የጠፋበት ልጅ ሁለተኛ አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው ብዙ አይደለም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ። የወር የዳታ ጥቅል፤ እስካሁን ከልጆቹ ኪስና ከኔ ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ እሱን የሚችል አንድ ሃርድ ዲስክ። እንዲሁም ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ የክበቡ አባላት ስልክ እንዲይዙ የተጻፈ ፈቃድ፤ በየሳምንቱ ከጥበቃ ጋር መከራከር ሰልችቶናል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ቡድን ማሊያ ብዙ አይርቅም። ማሊያው ይቅር አላልኩም።

የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፣ ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ አካውንት ከፍታችሁ የልጆቹን ጽሑፍ አርሙላቸው። ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ በወባው ገጽ ጀምሩ። ሕክምናው የሚለው ክፍል እስካሁን ርዕስ ብቻ ነው።