ስምህን በየማታው እየጠራሁ

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ዓለሜ፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ ከነቤተሰቤ ደኅና ነኝ። ከአራት ዓመት በኋላ የእጅ ጽሑፌን ስታይ ምን እንደሚሰማህ ስለማላውቅ፣ ሰበብ ከምደረድር የሆነውን እንደሆነው ልንገርህ፤ እናትህ ያረፉ ጊዜ ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ ለአርባቸው እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኀፍረቱ አፌን ያዘው።

በዚያው ሰሞን እንቅልፍ ራቀኝ። ቀኑን ሙሉ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ማዘዣ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ «የለም» ስል ውዬ፣ ማታ ጋደም ስል ያ ሁሉ ፊት ይደቀንብኛል። መድኃኒት የጠፋበትን ዘመን አንተም ታውቀዋለህ። መፍትሔ ያልኩት ጸሎት ማብዛትን ነበርና፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ የዕለቱን ዳዊት፣ ማለትም የሰኞውን ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞውን ከ31 እስከ 60 እያልኩ፣ በዚያ ላይ 41 ስግደት ጨምሬ በአንድ ጊዜ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልዘለቅኩም። አንድ ጠዋት ንባቡን ለመጨረስ ስጣደፍ ልጄ «አባዬ» ብላ ብትገባ፣ ዳዊቱን እንደያዝኩ ጮኼባት አስለቀስኳት።

ይህን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ፈገግ አሉና ሁሉንም አስተዉኝ። የሰጡኝ አንድ መዝሙር ብቻ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ስልኬን ከመንካቴ በፊት፣ ቆሜ ቀስ ብዬ እንድደግመው። እንደ ሕፃን የቆጠሩኝ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ዳሩ ግን መዝሙሩ 150፣ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነውና ዳዊቱ ልክ በአምስት ወር ያልቃል፤ ይኸው ሦስተኛውን ዙር እያገባደድኩ ነው። ስልኬ አሁን ወጥ ቤት ያድራል። ሠላሳውን በአንድ ጠዋት ስሮጥበት ያላየሁትን፣ አንዱን ብቻ ሳነብ አየሁት፤ ነቢዩ ነፍሱን ጡት ከተወ ሕፃን ጋር የሚያመሳስልባት አጭሯ 130ኛ መዝሙር የደረሰች ቀን፣ በመስኮቱ ፊት ለፊት ሰው ሲቆጣኝ እንኳ አብራኝ ዋለች። «የለም» ማለቴ አልቀረም፤ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ መናገር ግን ቻልኩ።

እሁድ እሁድ ኪዳን ለማድረስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እሄዳለሁ። ልጆች ሳለን ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ቆጥረን አንድም ቀን ቁጥራችን ገጥሞ እንደማያውቅ ታስታውሳለህ? በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል ይህን ደብር ንቦች ጠበቁት እያሉ ሲነግሩንም፣ አንተ ንቦቹ የት ገቡ ብለህ ትጠይቅ ነበር። አሁንም ቆሜ ሳለሁ መቁጠር ስጀምር ራሴን አገኘዋለሁ። ቀድሞ በዚህ በራሴ እናደድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከደረስኩበት ፊት ትቼ ወደ ጸሎቱ እመለሳለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ኪዳን አሥር ጊዜ እመለሳለሁ።

ከፒያሳ ወደ ቤት ስሄድም መቁጠሪያዬን በኪሴ ይዤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ ነው። ጾም ያረጋጋል የሚሉኝን ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በራሴ አላየሁትም፤ ረቡዕና ዓርብ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከእኔ የባሰ ነጭናጫ ሰው በከተማው ያለ አይመስለኝም። እጾማለሁ፤ ነገም የነቢያት ጾም ይገባል፤ የምጾመው ግን ለመረጋጋት ብዬ አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ስለ ማታው ጸሎት ለመንገር ነው። ከመተኛቴ በፊት የምወዳቸውን ሰዎች በክርስትና ስማቸው እየጠራሁ ማርልኝ እላለሁ። ያንተን ስም የጨመርኩት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ በየማታው ስሙን የምጠራውን ሰው በቀን ደብዳቤ መንፈጌ እየከበደኝ ሄደ፤ የሌላው ሁሉ ሐሳብ ሲሰክን ያንተ ብቻ አልሰክን አለ። እንዳታዝንብኝ እንጂ ብዙ ጊዜ ሳልጠራህ ልለፍ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ያን ማታ ግን እንቅልፍ እንደ ድሮው ይርቀኛል።

ወደ እናትህ ስደርስ ደግሞ እቸገራለሁ። እንጀራቸውን በልቼ ያደግኩ ሰው «እማማ» ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ስለ እኔ ለመመለስ ልብህ እስኪፈቅድ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ግን የክርስትና ስማቸውን ብቻ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ላክልኝ።

ወንድምህ