ለደንበኞቻችን፦ ስለ ሦስቱ ካርባይኖች

ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ። ቀብድ የከፈላችሁባቸውን ካርባይኖች፣ አጫጭሮቹን የፈረሰኛ ጠመንጃዎች፣ አልሸጥም ብዬ ብር ስመልስ እንደተቀየማችሁ ሰምቻለሁ፣ ዘግይቼ ስለነገርኳችሁ ይቅርታ። ግን "የተሻለ የሚከፍል ፈረንጅ አግኝቶ ነው" ያላችሁም አላችሁ፣ እሷ ነገር እውነት ለመናገር አሞኛል፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ዕቃው በፈረንጅ የ1873 ስፕሪንግፊልድ፣ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ነው፣ እኛ ትራፕዶር የምንለው። ክዳኑ ወደ ፊት ይነሳል፣ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ በቃ። አያቶቻችን የሚያውቁት ሰናድር ዘመዱ ነው፣ የሱ ክዳን ግን ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። እግረኛው ረጅሙን ይዞ ፈረሰኛው በርሜሉ 22 ኢንች የሆነውን አጭሩን ይይዝ ነበር፣ የአሜሪካው ፈረሰኛ አዛዥ ኩስተር ሊትል ቢግሆርን በሚባለው ቦታ ከቀይ ሕንዶች ጋር ተዋግቶ ሲያልቅ ሰዎቹ የያዙት ይሄንኑ ነው፣ የመዳብ ቀለሃው ሲግል አልወጣ እያለ በቢላ ይፈለቅቁት ነበር ይባላል። ሰው አጭሩን የሚሻው ለዚህ ነው፣ ዋጋውም የሚሰቀለው ለዚህ፣ ረጅሙን በመጋዝ ቆርጦ "ካርባይን" የሚል የበዛውም ለዚህ።

ሦስቱን ከአንድ ቤት በጅምላ ገዝቼ ሳልፈታቸው ፎቶ ለጠፍኩ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። በማግስቱ ማታ አንዱን ገልብጬ በባትሪ አየሁት። ረጅሙ ጠመንጃ ከእንጨቱ ሆድ ስር የመጥረጊያ ዘንግ የሚገባበት ቦይ አለው፣ ካርባይን የለውም። ቦዩን በዋልነት ሞልተው ቀለም አልብሰውታል፣ ግን የእንጨቱ ጅማት አልገጠመም፣ ጥፍሬን ስጎትትበት ስንጥቋ ያዘችው። ሁለተኛው የኋላ ማነጣጠሪያው ላይ "አር" የሚል ፊደል አለ፣ የካርባይን "ሲ" ነው። ስለ ሦስተኛው ባላወራ ይሻላል። "ሲሪያል ቁጥሩ እኮ ትክክል ነው" ያልከኝ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ለረጅሙም ላጭሩም አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው፣ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

"ግድ የለም በዚያው ዋጋ ስጠኝ" ያላችሁም ነበራችሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ነገ ልጃችሁ ሲሸጠው ግን የኔ ደረሰኝ አብሮ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ፎርጅድ ሻጭ የምባለው እኔ ነኝ።

እኔ እዚህ አውሮራ 12 ዓመት ታክሲ ነድቼ ነው ይችን ሱቅ የከፈትኩት። አያቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ውጅግራ ነበረው፣ ልጅ ሆኜ በቅቤ እንዳሽ ይሰጠኝ ነበር፣ ፍቅሩ ከዚያ ነው የመጣው። ሦስቱን ብሸጥ የስድስት ወር ኪራይ ይሸፍኑልኝ ነበር፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ ኢንሹራንሱ ጨምሯል፣ ዕቃ መላኪያውማ አይነሳ። ሻጩም መልሼ አልወስድም ብሏል። ቀብዳችሁን ስመልስ የካርዱን ኮሚሽን እንኳን ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ይሄን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፣ ወይም ትንሽ ነው መሰለኝ።

አሁን ሦስቱም "የተቆረጠ" የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ሱቅ ውስጥ ናቸው፣ የተጠራጠረ መጥቶ በጥፍሩ ይሞክር፣ ቡናም አለ። ክዳንና መዶሻቸው ኦሪጅናል ስለሆነ ለመለዋወጫ የሚፈልግ ይደውልልኝ።

ከጥንት ጀምሮ አብራችሁኝ ያላችሁ ሬሚንግተን የሚባለውን ጠመንጃ አምጣልን እንዳላችሁኝ አልረሳሁም፣ ያው የኛ ሰዎች ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፆች የማረኩትን ዓይነት። የሚገርመው ጉራዕም ሊትል ቢግሆርንም በፈረንጅ 1876 ነው፣ አንዱ ማርች አንዱ ጁን፣ ጉራዕ ላይ ከግብፆች ጋር የነበረው ጄኔራል ሎሪንግም ቀድሞ እስከ ኦሪገን ጦር መርቶ የሄደ አሜሪካዊ ነው። አንድ ሬሚንግተን በቅርቡ ይገባልኛል፣ መጀመሪያ የማሳየው ቀብዳቸውን ለመለስኩላቸው ለሦስታችሁ ነው፣ ከመጣችሁ። ፎቶ ግን ፈትቼ ሳላየው አልለጥፍም።

የሱቁ ባለቤት