በፀሐይ ኃይል ፕሮጀክታችን ላይ ስላቀረባችሁት የግምገማ ሪፖርት የተጻፈ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለ፦ ግምገማውን ላካሄደው አማካሪ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ውሉን ሳይጠብቅ የተሠራው ግምገማ እንዲታረም ስለመጠየቅና እስከዚያው የመጨረሻው ክፍያ መያዙን ስለማሳወቅ

የልማት ማኅበራችን በጋሞ ዞን በአንድ ቆላማ ቀበሌ ያስተከለውን ባለ 40 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በገለልተኛ ባለሙያ ለማስገምገም ከድርጅታችሁ ጋር ውል መፈራረማችን ይታወሳል። የላካችሁልንን ረቂቅ ሪፖርት፣ ቀጥሎም “አስተያየታችሁን አካተን አስተካክለናል” ብላችሁ የላካችሁትን ሁለተኛ ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር አንብበናል። በሁለቱ መካከል ያገኘነው ጉልህ ልዩነት የሽፋኑ ፎቶ መቀየሩ ነው። ስለዚህ እስካሁን በስልክና በኢሜይል ስንነጋገርበት የቆየነውን ጉዳይ ዛሬ በማኅተም አስደግፈን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ከእናንተ ምን እንደገዛን እናስታውሳችሁ። ጨረታው ለቴክኒክ 70፣ ለዋጋ 30 ነጥብ የሚሰጥ ነበር። ከእናንተ ያነሰ ዋጋ ያቀረበ ተወዳዳሪ ነበረ። እሱን የበለጣችሁት በቴክኒክ ነጥብ ነው፤ ያንን ነጥብ ያስገኘላችሁም በቡድን መሪነት ያቀረባችሁት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲቪ ነው። መሐንዲሱ በመነሻ ሪፖርቱ ስብሰባ ላይ በኢንተርኔት ለጥቂት ደቂቃ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፣ ቀበሌውንም አልረገጠም። ወደ መስክ የመጡት ታብሌት የያዙ ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎችና አንድ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ናቸው። በእነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። በዚያ ሙቀት ከቤት ቤት እየዞሩ የተሰጣቸውን መጠይቅ ሞልተዋል። የኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለመብራትና ለወፍጮ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ፣ መዝገብ ማንበብ ግን የእነሱ ሙያ አይደለም፤ ሊጠየቁበትም አይገባም። ውላችን ቁልፍ ባለሙያ የሚተካው አሠሪው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው ይላል። እኛ እንዲህ ያለ ስምምነት አልፈረምንም፤ ጥያቄም አልቀረበልንም።

መሐንዲስ የፈለግነው ለክብር አልነበረም። የቢጋሩ፣ ማለትም የሥራው ዝርዝር መመሪያ፣ የመጀመሪያ ጥያቄ ግልጽ ነው፦ መብራቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ለምን ይጠፋል? ነዋሪው አንድ መልስ አለው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሌላ አለው፤ ዕቃውን የሸጠልን ነጋዴ ደግሞ ሦስተኛ። ባትሪዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ደክመው ሊሆን ይችላል። ወይም ወፍጮው ቀኑን ሙሉ የፀሐዩን ኃይል እየወሰደ ባትሪዎቹ ሳይሞሉ እየመሸባቸው ይሆናል። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል በመደበኛ ሥራው ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ራሱን ለማዳን እየጠፋም ሊሆን ይችላል። ሊድ አሲድ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው እንደሚያጥር ደግሞ ማንም የዘርፉ ሰው ያውቃል፤ የእኛዎቹ ምን ያህል እየወረዱ እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ እዚያው በማሽኑ ውስጥ አለ። አንድ ባለሙያ ላፕቶፑን ሰክቶ በአንድ ከሰዓት የሚያወጣው ነገር ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ባትሪ እንግዛ፣ ወፍጮውን በሰዓት እንገድብ ወይስ ተጨማሪ ፓኔል እንትከል ብሎ መወሰን አይቻልም። የለጋሹ የሁለተኛ ዙር ድጋፍም የሚጠብቀው ይህንኑ መልስ ነው።

ሪፖርታችሁ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ምላሽ አንድ አንቀጽ ነው። “አልፎ አልፎ የኃይል መቆራረጥ እንዳለ ተገልጿል፤ የማኅበረሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ ይመከራል” ይላል። ግንዛቤ ባትሪ አይሞላም። ቡድናችሁ በቀበሌው አላደረም፤ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ይመለስ ነበር። ስለ ማታ መብራት የተጻፈ ግምገማ አንድም ማታ ሳያይ ተጠናቆ እንዴት ተቀባይነት ይኖረዋል ብላችሁ እንዳሰባችሁ ሊገባን አልቻለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ከሁሉ ያስደነገጠን እዚህ ላይ ነው። በኢኮኖሚ ትንታኔው ክፍል ማመንጫው በዓመት 350,400 ኪሎዋት ሰዓት ያመርታል ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ስንፈልግ 40ን በ24 ሰዓት፣ ያንንም በ365 ቀን ማባዛት ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ በእናንተ ስሌት ጋሞ ዞን ፀሐይ አትጠልቅም ማለት ነው። በአገራችን በአብዛኛው ቦታ በቀን ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ሙሉ የፀሐይ ኃይል እንደሚገኝ ይታወቃል። ከዚያ ላይ በአቧራ፣ በሙቀት፣ በገመድና በባትሪ የሚባክነውን ሩብ ያህል ስንቀንስ በቀን 150፣ በዓመት 54,750 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። እናንተ የጻፋችሁት ከዚህ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ለማወቅ መስክ መውጣትም አያስፈልግም ነበር። የካርድ ቆጣሪዎቹን የሽያጭ መዝገብ ሥራው ሲጀመር አስረክበናችኋል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ከዚያ መዝገብ የተወሰደ አንድ ቁጥር አላገኘንም።

ስሕተቱ እዚያው ቢቀር አንድ ነገር ነው። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ማምረቻ ዋጋ፣ ዓመታዊ ገቢው፣ ኢንቨስትመንቱ የሚመለስበት ዘመን፣ ሁሉም በዚህ ቁጥር ላይ ተሠርተዋል። ታሪፉ “ከማምረቻ ዋጋ በላይ ስለሆነ ሊቀነስ ይገባል” የሚል ምክር የሰጣችሁትም በዚሁ መነሻ ነው። ምክሩን ሰምቶ የቀበሌው የመብራት ኮሚቴ ታሪፉን ቢቀንስ ኖሮ ዛሬ የኦፕሬተሩን ደመወዝ እንኳ መክፈል አይችልም ነበር። የጋዝ ልቀት ቅነሳው ግን የባሰ ነው። 350,400ውን ኤሌክትሪክ በድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር መለኪያ አባዝታችሁ በዓመት 315 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሳችኋል አላችሁን። የኢትዮጵያ ዋና መስመር ከመቶ ከ90 በላይ የሚያገኘው ከውሃ ኃይል መሆኑን ለእናንተ መንገር ያሳፍራል። ያም ሆኖ ቀበሌው ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ እዚያ የተተካው በናፍጣ ይሠራ የነበረ ወፍጮ፣ በየቤቱም የባትሪ ድንጋይ የሚበላ መብራት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ወፍጮው በቀን 10 ሊትር ይወስድ ነበር፣ በዓመትም 300 ቀን ይሠራ ነበር ብንል እንኳ 8 ቶን ገደማ ነው። 8 ቶኑ የራሱ ዋጋ አለው፤ ለአንድ ቀበሌም አያንስም። 315ቱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ለለጋሽ አቅርበነው ቢሆን ኖሮ የሚዋሸው በእኛ ስም ነበር።

በዚሁ ክፍል የባትሪ መተኪያ ወጪው በአንድ ዶላር 57 ብር ሂሳብ ተሰልቷል። ብር በገበያ እንዲመራ የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንዛሪው ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ባትሪና ኢንቨርተር ደግሞ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ኮሚቴው ያጠራቀመው የመተኪያ ገንዘብ “በቂ ነው” የሚለው ድምዳሜያችሁ የቆመው በዚህ ባረጀ ምንዛሪ ላይ ነው። ለፕሮጀክቱ ዘላቂነት “በጣም ጥሩ” የሚል ደረጃ የሰጣችሁትም ይህንኑ ይዛችሁ ነው።

ገጽ 31 ላይ “የካውንቲው አስተዳደር ለፕሮጀክቱ ያሳየው ቁርጠኝነት” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ካውንቲ ያለው እንደ ኬንያ ባሉ አገሮች እንጂ በእኛ አገር አይደለም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ በቀይ አስምረን መልሰንላችሁ ነበር፤ ከአስተያየታችን ትይዩ “ተስተካክሏል” ብላችሁ ሞላችሁ፤ በሁለተኛው ረቂቅ ግን ካውንቲው አሁንም አለ። ይህን ያነሳነው በፊደል ግድፈት ለመነታረክ አይደለም። ከሌላ አገር ሪፖርት የተገለበጠው ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን በምን እንመን?

ቢጋሩ በ2019 እ.ኤ.አ. በተከለሱት ስድስት ዓለም አቀፍ የግምገማ መመዘኛዎች እንድትሠሩ ይጠይቃል። እናንተ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስቱ ሠርታችኋል። የቀረው መመዘኛ ፕሮጀክቱ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ያለውን መጣጣም የሚያይ ሲሆን፣ ለእኛ ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ ባሉ መንገዶች ለመድረስ አቅዶ ነበር። ቀበሌያችን ከየትኛው ነው? ዋናው መስመር አንድ ቀን ቢደርስ ይህ ማመንጫ ኃይሉን ለመስመሩ ይሸጣል፣ ይነቀላል ወይስ ለወፍጮውና ለመስኖ ፓምፑ ብቻ ይቀራል? ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱንም አላነጋገራችሁም።

አሁን የምንጽፈው ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። በሴቶች የቡድን ውይይት ላይ ጋሞኛ የሚችል አስተርጓሚ ይዛችሁ እንድትመጡ ውሉ ያስገድዳል። ያስተረጎሙት የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ እሳቸው የመብራት ኮሚቴው አባልም ናቸው። ስለ ኮሚቴው አሠራር የተጠየቁ ሴቶች በኮሚቴው አባል አንደበት “ረክተናል” ቢሉ ምን ይገርማል? ያም ሆኖ አንዲት እናት ደፍረው ካርድ የሚሸጠው ሰው ለዘመዶቹ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተናገሩ። ቃላቸው በሪፖርቱ አባሪ ላይ ከሙሉ ስማቸው፣ ከስልክ ቁጥራቸውና ከፎቷቸው ጋር ታትሞ ወጣ። ረቂቁን እኛ ሳናየው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ልካችሁት ስለነበር ወሬው ቀበሌ የደረሰው ከእኛ ቀድሞ ነው። እኚህ እናት በጎረቤት ፊት ተወቅሰዋል፤ ዛሬ ካርድ ለመግዛት ልጃቸውን ነው የሚልኩት። መጠይቁ ሲጀመር “ስምዎ አይገለጽም” ተብሎ ተነቦላቸው ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ በይቅርታ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ይቅርታውም ቢሆን እስካሁን አልመጣም።

በመጨረሻው የስልክ ንግግራችን አንድ ኃላፊያችሁ “ውጤቱ ለፕሮጀክታችሁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምን ትከራከራላችሁ?” ብለውናል። መልሱን በጽሑፍ እንስጥ። ገንዘብ ከፍለን ያስገመገምነው እንድትመሰክሩልን አይደለም። የሚጠፋውን መብራት የሚያመሰግን ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም፤ በጥሩ ነጥብ ምክንያት የባትሪው ጥያቄ ተዘግቶ ቢቀር የሚጎዳው በጨለማ የሚያመሸው ነዋሪ ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጊዜ ጀምሮ ባሉት 15 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚከተለውን እንድትፈጽሙ እንጠይቃለን። በሲቪው ነጥብ ያገኛችሁበት መሐንዲስ፣ እሱ ካልቻለ በጽሑፍ የምንስማማበት አቻው፣ በራሳችሁ ወጪ ቀበሌው ሄዶ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድሮ የባትሪዎቹንና የኢንቨርተሩን ምርመራ ያድርግ። የኢኮኖሚና የልቀት ክፍሎቹ በቆጣሪዎቹ መዝገብና በወቅታዊ ምንዛሪ እንደገና ይሠሩ፤ ስሌቱ የተሠራበት ፋይልም እንደ ሥዕል ሳይሆን ቀመሩ እንደሚታይ ሆኖ ይላክልን። የሴቶቹ ውይይት በገለልተኛ ሴት አስተርጓሚ፣ የኮሚቴ አባል በሌለበት ይደገም፤ ይህ የሚሆነው ግን ሴቶቹ ራሳቸው ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ ነው። ስምና ፎቶ ያለበትን አባሪ ከላካችሁላቸው አካላት ሁሉ ሰብስባችሁ ማጥፋታችሁን በጽሑፍ አረጋግጡልን። ለእኚያም እናት በአካል ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ይህኛውን በመረጃ ሰብሳቢ እንዳትልኩት አደራ።

ለመነሻ ሪፖርቱ 30፣ ለረቂቁ 40 ከመቶ ከፍለናል። ቀሪው 30 ከመቶ ከላይ የተዘረዘረው እስኪሟላ ድረስ አይለቀቅም። በተባለው ጊዜ ውስጥ የሥራ ዕቅድ ካልደረሰን በውሉ የአለመግባባት አፈታት አንቀጽ መሠረት ጉዳዩን ወደ ግልግል እንወስዳለን፤ ለረቂቁ የከፈልነውንም እንድትመልሱ እንጠይቃለን። የቴክኒክ ምርመራውን ለሌላ ባለሙያ የምናሠራ ከሆነም ወጪው ከቀሪው ሂሳብ ላይ ይታሰባል።

መሐንዲሱ የሚሄድበትን ቀን አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁን ኦፕሬተሩ የማመንጫውን ክፍል ቁልፍና የኢንቨርተሩን የይለፍ ቃል ይዞ እንዲጠብቀው እናደርጋለን። ማደሪያም በጤና ኬላው ግቢ ይዘጋጃል።

ከሰላምታ ጋር

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ
(ፊርማና ማኅተም አለው)

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ
ለማኅበሩ የግዥና ፋይናንስ ክፍል
ለለጋሹ ድርጅት የፕሮግራም ክፍል